የከሊል ኮምፒውተር

አቃቂ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘካሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ይህ ጽሑፍ በደህና ያግኝህ፤ አላህ ከሰው አገር ክፉ ሁሉ ይጋርድህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ልጄ ፊርዶስ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። እናትህ እማ ሞሚናም የተሰበረው ዳሌያቸው እየጠገነላቸው ነው፤ ዓይናቸው ግን እንደዚያው ነው።

ለምን እንዳልደወልኩልህ ይገባሃል። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የእማ ሞሚና አልጋ ያለው ከስስ ግድግዳ ወዲያ ነው፤ ማየት ካቆሙ ወዲህ ደግሞ ጆሯቸውን የሚያልፈው ነገር የለም። የስልኬን ቁልፍ ድምፅ እንኳ ሰምተው «ለማን ነው?» ስለሚሉኝ፣ ጎረቤቴ አሰፋች ቤት ቁጭ ብዬ በቴሌግራም እጽፍልሃለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ወንድምህ ኮምፒውተር ነው። ባለቤቴ ከሊል፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ የገዛው ያ አሮጌው። በጅቡቲ መስመር ጭነት ይዞ ሲወጣ ልጁን እንዲቀሰቅስለት አንተ ራስህ በስልክ እየመራኸው ነበር ያስተካከለው። ሊነጋ ሲል ማሽኑ በራሱ ይነሣል፤ ትንሽ ቆይቶ የከሊል ድምፅ ይመጣል። «ፊርዶስ፣ ተነሺ የኔ እናት። ነግቷል። ተጣጠቢና ስገጂ። እኔ መጣሁ» ይላል።

መኪናው አዋሽ ሳይደርስ ተገልብጦ ከሊልን ከቀበርን በኋላ ማሽኑን ማጥፋት ነበረብኝ። እጄ እምቢ አለኝ። እናትህ ያኔ ደሴ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። «አሁን ከሰሙ አይተርፉም፤ እስኪያገግሙ አይነገራቸው» ያልነው ሁላችንም ነን፣ አንተም ጭምር። ለሕክምና ብዬ እዚህ ባመጣኋቸው ማግስት ማለዳ ድምፁ መጣ። በድንጋጤ ሮጬ ስገባ እማ ሞሚና አልጋቸው ላይ እየሳቁ አገኘኋቸው።

«ልጄ እንደ ድሮው ማልዶ ይወጣል» አሉኝ።

«አዎ፣ ማልዶ ይወጣል» አልኳቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምኖረው በዚያች ቃል ውስጥ ነው። ሥራ ስለበዛበት የሚገባው እሳቸው መድኃኒታቸውን ውጠው ከተኙ በኋላ ነው ብያቸዋለሁ። አንዳንዴ ሲያንቀላፉ የከሊልን ጃኬት ደርቤ ግንባራቸውን እስማለሁ። «መጣህ?» ይሉኛል። ትንፋሼን ይዤ እወጣለሁ።

አሁን ግን ማሽኑ ሰዓት ጠፍቶበታል። ባለፈው በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ደጅ ልብስ ሳሰጣ፣ «ነግቷል፣ ተነሺ» አለ። እማ ሞሚና ሰምተው «ከሊል! እስቲ ና፣ ልዳብስህ!» እያሉ ቢጠሩ ቢጠሩ መልስ የለም። ስገባ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን ይዳስሳሉ።

«እዚህ ነበር እኮ። ለምን ዝም አለኝ? ተቀየመኝ?» አሉ።

ሰዓቱን እንዴት እንደማስተካክል ቶሎ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

እህትህ ዙለይኻ


ኩዌት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዙለይኻ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ብርታቱን ይስጥሽ፤ ፊርዶስንም ያሳድግልሽ።

ሰዓቱን የምትይዝለት ማዘርቦርዱ፣ ማለትም የውስጡ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። አርጅታለች፤ ችግሩ ይህ ብቻ ነው። ባትሪዋ የትም ትገኛለች። አንቺ አትንኪው፤ ሰው ፈልገሽ ያስቀይርልሽ። ከተቀየረች በኋላ ማሽኑ ሲነሣ ወደ ባዮስ ግቡ። ባዮስ ማለት ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ከሁሉም በፊት የሚያነበው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ሰዓቱንና በራሱ የሚነሣበትን ጊዜ ታስገቡለታላችሁ። በቃ።

እዚህ የስልክ ጥገናው ሱቅ ሥራ በዝቶብኛል። ሰሞኑን ለመደወል አልተመቸኝም። ሰላም በይልኝ።

ዘካሪያ


አቃቂ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘካሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም፣ አላህ ሥራህን ይባርክልህ። «ሰላም በይልኝ» ያልከውን ለእናትህ አድርሻለሁ። «ድምፁስ?» አሉኝ። ሥራ ይዞት ነው አልኳቸው።

ሳሪስ አቦ ሱቅ ያለው ሀይረዲን የሚባል ጠጋኝ አገኘሁ፤ የስልጤ ልጅ ነው፣ እርጋታው ደስ ይላል። ለእማ ሞሚና የመብራት ሠራተኛ ነው አልኳቸው። ባትሪዋን ቀየረ፣ ሰዓቱን አስተካከለ። በማግስቱ ግን ማሽኑ በራሱ ሳይነሣ ቀረ። ተመልሶ መጣ። የሞላው ነገር ተሰርዞ አገኘው። ደጋግሞ ቢሞላው አልይዝ አለ።

«ባዮሱ በጣም አሮጌ ነው። አዲሱን ከጫንኩለት ሳይስተካከል አይቀርም» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ፋይሉን በፍላሽ አምጥቶ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ መስመር መሙላት ጀመረች። ከግማሽ ትንሽ አለፈችና ቆመች።

ጠበቅን። ሀይረዲን ላብ አጠመቀው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ አሁን ማጥፋት አይቻልም። የድሮው ተፍቋል፣ አዲሱ ገና አልገባም። መሐል ላይ ነው ያለው» አለኝ።

ይኸው መሐል ላይ እንደሆነ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ስክሪኑ «አታጥፉ» የሚል ጽሑፍ አብርቶ ክፍሉ ውስጥ ተገትሯል። ስገባ ስወጣ ያየኛል። ማለዳ ማለዳ እማ ሞሚና አንገታቸውን ቀና አድርገው ያዳምጣሉ። ከሊል ለጭነት ራቅ ወዳለ አገር ሄዷል አልኳቸው። «ሳይሰናበተኝ?» አሉኝ። ማታ ሲወጣ ተኝተው ነበር፣ ስሞዎት ነው የሄደው አልኩ። ግንባራቸውን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ።

ይህ ነገር ይነቃነቃል ወይስ አይነቃነቅም? ያንን ብቻ ንገረኝ።

ዙለይኻ


ኩዌት፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዙለይኻ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ሀይረዲን ትክክል ነው፤ እንዳትነኩት። አንዳንዴ የቆመ መስሎ ውስጥ ውስጡን ይሠራል። ፍላሹን አትንቀሉ። የምፈራው መብራት ነው። ባትሪ ያለው የመብራት መጠበቂያ የሚያውስ ሰው ቢገኝም ማሽኑ እንደበራ ማገናኘት ስለማይቻል ዋጋ የለውም፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አላህ መብራቱን ያቆይላችሁ።

ዲስኩን አውጥቶ ድምፁን በሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ እንደማይቻል ለሀይረዲን ንገሪው። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ስለነበረ ዲስኩ የተቆለፈው ከዚያው ማዘርቦርድ ጋር ነው። ሌላ ማሽን ላይ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩን ከሊልም አያውቀውም ነበር፣ እኔም አላውቀውም።

ዘካሪያ


አቃቂ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘካሪያ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጽሑፍህ ሳይደርሰኝ መብራት ሄደ። በሰፈሩ ሁሉ ነው የሄደው። ስክሪኑ ሲጠፋ እኔ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። ሰው ሲያልቅ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ነው የሆነብኝ።

መብራቱ ሲመለስ ሀይረዲን መጥቶ አበራው። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቷ ትበራለች፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የሚተነፍስ፣ ግን ዓይኑን የማይገልጥ ነገር ሆነ።

እማ ሞሚና ምግብ ቀንሰዋል። ትናንት የማራገቢያውን ድምፅ ሰምተው «ከሊል፣ አለህ?» አሉ። ፊርዶስ አጠገባቸው ነበረች። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ሽንት ቤቱ ጀርባ አግኝቻት አብረን አለቀስን።

አሁን የምጠይቅህ ነገር ከባድ ነው፤ ግን ሌላ ሰው የለኝም። የአንተና የከሊል ድምፅ አንድ ነው። በስልክ ስትደውል እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተሳስቼ «ከሊሌ» ብዬሃለሁ፤ ትስቅብኝ ነበር። ያቺን ቃል ቅዳልኝ። ያው «ፊርዶስ ተነሺ» ያለውን። በስልኬ ማለዳ ላይ አሰማቸዋለሁ። እስኪጠነክሩ ብቻ። ከዚያ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ ወላሂ።

ዙለይኻ


ኩዌት፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዙለይኻ፣

ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይራቅ። መልሴ የዘገየው ስለ ማዘርቦርዱ ሰዎች ስጠይቅ ነው።

ሀይረዲን እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ይንቀልና ባትሪዋንም ያውጣ። ማብሪያውን ተጭኖ ይያዘው፤ ውስጡ የቀረች ኃይል ካለች ትፈሳለች። ትንሽ አቆይቶ ይመልሰው። ካልሆነ፣ እንደዚህ ያሉ አሮጌ ማዘርቦርዶች ባዮሳቸው ቢፋቅም የማትፋቅ ትንሽ የፕሮግራም ቁራሽ ይተዋሉ። ያቺ ቁራሽ ራሷ ፍላሽ ላይ ፋይል ትፈልጋለች፤ ግን ፋይሉ አምራቹ የሚያውቀው ስም ሊኖረው ይገባል። ስሙን ለብቻው እልክልሻለሁ። ማሽኑ ከጮኸ ወይም የፍላሹ መብራት ብልጭ ካለች ተስፋ አለ ማለት ነው፤ እንግዲህ ሳይነኩ መጠበቅ ነው። ይህም ካልሆነ የቀረው ቺፑ ነው። ስምንት እግር ያላት ትንሽ ናት፤ ተነቅላ በመጻፊያ መሣሪያ እንደ አዲስ ትጻፋለች።

ሁሉንም በተራ ሞክሩ።

ዘካሪያ


አቃቂ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘካሪያ፣

አላህ ይጠብቅህ። ስለ ማዘርቦርዱ የጻፍከው ብዙ ነው። ስለ ጠየቅኩህ ነገር ግን አንድ መስመር የለም። አንብበኸዋል፤ የቴሌግራሙ ምልክት ያሳያል።

ያልከውን ሁሉ ሞክረናል። ኃይሉን አፈሰሰ፣ ምንም የለም። ፋይሉን ባልከው ስም ሰየመ። የፍላሹ መብራት አንዴ ብልጭ አለች። እኔና ሀይረዲን ተያየን። ከዚያ ጠፋች። አሁን ቺፑን ነቅሎ ወስዷታል። መጻፊያ መሣሪያ ያለው ሰው ፍለጋ ላይ ነው። አፍሯል ምስኪን፤ ክፍያም አልቀበልም ብሏል።

እማ ሞሚና ግን ቺፕ አይጠብቁም። ትናንት ከጧት እስከ ማታ አፋቸው ላይ ያደረጉት ውሃ ብቻ ነው። «እኔ የት ቦታ አጥፍቼ ነው የተቀየመኝ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ሰው ልጄ ተቀይሞኛል ብሎ ሲጠወልግ አይተህ ታውቃለህ? እኔ በየቀኑ እያየሁ ነው። አሰፋች «ንገሪያቸው፣ ይህ ኃጢአት ነው» አለችኝ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ እሳቸው ደግሞ «ዛሬ ይደውል ይሆን?» ይሉኛል፤ እዘጋዋለሁ።

እባክህ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ዙለይኻ


ኩዌት፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዙለይኻ፣

አላህ ለአንቺም ለእኔም ይቅር ይበለን።

ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ሱቁ ከኋላ ዕቃ የምናከማችበት ጠባብ ክፍል አለች፤ በሩን ዘግቼ ስልኩን አፌ አጠገብ ያዝኩ። «ፊርዶስ» ካልኩ በኋላ መቅጃውን አቆመዋለሁ። ሌላ ቀን እስከ መጨረሻው አልኩት። መልሼ ስከፍተው ከካርቶኖቹ መሐል የተናገረው ከሊል ነው። ዙለይኻ፣ ዞር ብዬ አየሁ። ሙሉ ሰው ሆኜ፣ በቀን፣ ደንበኛ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ዞር ብዬ አየሁ። አጠፋሁት።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ስነቃ ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነው። «እኔ መጣሁ» ይላል። የት እንደሚመጣ አላውቅም።

ለእናቴ የማልደውለው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ከወንድምህ ጋር ትገናኛላችሁ?» ብላ ነው። አንዴ «አዎ» አልኳት። ሁለተኛ ልላት አልቻልኩም።

ትናንት እንደገና ቀዳሁት። ከዚህ ጽሑፍ ጋር ልኬልሻለሁ። እኔ አልሰማሁትም፤ አንቺም ሳትሰሚው በቀጥታ ለእሷ አሰሚያት።

ዘካሪያ


አቃቂ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘካሪያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን የምጽፍልህ ከቤቴ፣ ከእናትህ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ከማንም የምደብቀው ስለሌለ አሰፋች ቤት መሄድ አላስፈለገኝም። ተረጋግተህ አንብብ።

እንዳልከኝ ሳልሰማው አሰማኋቸው። ሰማዩ ሊገለጥ ሲል ስልኩን ኮምፒውተሩ ጎን አስቀምጬ ነካሁት። ድምፅህ ወጣ። ከሊል ነው፣ ራሱ ነው። ፊርዶስ ብርድ ልብሷ ውስጥ ኩምትር አለች። እማ ሞሚና ግን ተነሥተው ተቀመጡ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ያለ ሰው ሲነሡ አይቼ አላውቅም።

«ዘካሪያ?» አሉ።

እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ።

«ዘካሪያ መቼ ገባ? ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እማ፣ ከሊል ነው እኮ» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«ሁለቱንም አፍ ያስፈታኋቸው እኔ ነኝ። ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አሉ። ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር ዘካሪያ፤ ያንን ብርሃን እስክሞት አልረሳውም። ከዚያ ቀስ በቀስ ጠፋ። ማሰብ ጀመሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት ያልመጣ ልጅ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። «ማንም ሳይነግረኝ፣ በድንገት። የወንድሙንስ ልጅ እሱ የሚቀሰቅሳት ለምንድን ነው?»

ስልኩን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ።

«ዙለይኻ፣ ከሊል የት ነው?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር። ፊርዶስ ናት ከአልጋዋ ወርዳ ጉልበታቸው ሥር የተቀመጠችው። «አያቴ፣ አባባ ሞቷል» አለቻቸው። እኔና አንተ፣ ትልልቆቹ ሁሉ፣ ያቃተንን ቃል ልጅቷ አወጣችው።

ጮኹ። ጩኸታቸውን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው አሰፋች ናት፤ ከዚያ ሰፈሩ ሞላ። የወሎ ዘመዶቻችንም ከየሰፈሩ መጡ። እናትህ ወንበር እምቢ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደከፈነው፣ የት እንደተቀበረ፣ ሰላቱን ማን እንዳሰገደ፣ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ምግብ ቀረበላቸው፤ በሉ። ሰው ሁሉ ገረመው። እኔን አልገረመኝም። ልጃቸው እንዳልተቀየማቸው አሁን አወቁ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ጠሩኝ።

«በየማለዳው ስሰማው የነበረውስ ማን ነው?»

ኮምፒውተሩን ነገርኳቸው። እጃቸውን ይዤ አስዳሰስኳቸው፤ ሣጥኑን፣ ስክሪኑን፣ ድምፁ የሚወጣበትን። እስኪቆጡ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ እንደ ሕፃን ጀርባ ቀስ ብለው ደባበሱት።

«ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፍ ሳይጠግብ በመንገድ አለቀ» አሉ። «እናንተ ደግሞ ሞቶም በየማለዳው ትቀሰቅሱታላችሁ?»

ትናንት ሀይረዲን መጣ። የእናትህ ለቅሶ መስሎት ደጅ ቆሞ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ወደ ውስጥ መግባት ፈራ። ቺፑ ተጽፋለች። መልሶ ሰካት። ማሽኑ አንዴ ጮኸ፤ ስክሪኑ በራ። ዓይኑን ገለጠ ዘካሪያ፣ ተሳካለት። ግን ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ሰማያዊ ገጽ መጣና የመክፈቻ ቁጥሩን ጠየቀ። ሀይረዲን፣ የማዘርቦርዱ ቺፕ እንደ አዲስ ስለተጻፈ ዲስኩ የራሱ ማዘርቦርድ መሆኑን አላወቀውም አለ። ያንን ቁጥር የሚያውቅ ደግሞ ማንም የለም።

ፊርዶስ ከኋላችን ቆማ ነበር። እኔ የፈራሁት ለእሷ ነው። የተቀዳው ለእሷ ነበረ፤ ማናችንም ግን አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ትፈልጊያለሽ ወይ ብለን አልጠየቅናትም።

«ግን ውስጥ አለ አይደል? አልጠፋም?» አለችው ሀይረዲንን።

«አልጠፋም። አለ፣ ግን ተቆልፏል» አላት።

አሰበች። ከዚያ ራሷ ሄዳ ማጥፊያውን ተጫነችው። ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ቆመ። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሌሊቱን ፈርቼ አደርኩ፤ የቱን እንደፈራሁ አላውቅም፣ ድምፁ መምጣቱን ይሁን መቅረቱን። አልመጣም። ዛሬ ፊርዶስ ፀሐይ ፊቷ ላይ እስክታርፍ ተኛች። ትምህርቷ አለፋት። አልቀሰቀስኳትም።

እናትህ ይህን ጻፊለት ብለውኛል፤ ቃል በቃል ነው የምጽፈው። «አንዱ ልጄ ሞቶ ይናገረኛል፤ አንዱ ልጄ በሕይወት እያለ አይናገረኝም። የወንድሙን ቃል ይተወው። በራሱ ቃል ይደውልልኝ፤ አብረን እናልቅስ።»

የኔ ስልክ እጃቸው ውስጥ ነው፤ ይህን የምጽፍልህ በአሰፋች ስልክ ነው። ልቀበልዎት ብላቸው አልሰጥም ብለዋል።

ዙለይኻ